ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ

አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ ስሰፋ አንድም ቀን ጨርቅ ገልብጬ ቆርጬ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። የሱፍ ጨርቅ እንደ ድመት ጀርባ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን የተኛ ነው። አንዱን እጅጌ በጸጉሩ፣ ሌላውን ከጸጉሩ በተቃራኒ የቆረጠ ሰው ሁለት መልክ ያለው ኮት ሰፍቶ ያርፈዋል፤ ደንበኛውም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጉዱን ያያል። ስለዚህ በኔ ጠረጴዛ ላይ ቁራጭ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይተኛል። እኔም የምቆመው አንድ ቦታ ነው፤ መስኮቱን በግራዬ አድርጌ፣ ብርሃኑ ከሚወርድበት በኩል። ሙያውን ያስተማርኳቸው ሁሉ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ነው የተማሩት። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው በኋላ የደረሰብኝ ውርደት በደንብ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ልጄ ነርስ ናት። ከሁለት ልጆቿ ጋር እኔ ዘንድ ትኖራለች፤ እሷን ብትጠይቋት ግን እኔ ነኝ እሷ ዘንድ የምኖረው። የቤቱ የፊት ክፍል የሥራ ቦታዬ ነው፤ የስፌት መኪናው፣ ካውያው፣ ያ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛና የጨርቅ ብጣሽ የሞላበት ካርቶን እዚያ ናቸው። የጠረጴዛው ሥር ደግሞ የመርፌ ግዛት ነው።

መርፌ የምላት ታላቋን የልጅ ልጄን ነው። ስድስት ዓመቷ አልፏል፤ ቀጭን ናት፣ ትወጋለችም። አምስት ዓመት ያልሞላው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ፕሮፌሰር ይባላል። ማን እንዳስተማረው ሳይታወቅ ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር ለቅሞ ጨርሷል። የጨው ከረጢት ያነባል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ያነባል፣ ሰው ባይጠይቀውም ያነባል። መርፌ አንድ ፊደል ፊት ቆማ ማሰብ ስትጀምር እሱ ከጓዳ ሆኖ መልሱን ይወረውርላታል። ታዲያ ደብተር በተከፈተ ቁጥር ሆዷን ቢያማት ይፈረድባታል?

ችግሩ ትምህርት ቤቱ ላይ ነበር። የአንደኛ ክፍል መምህሯ አዲስ ልጅ ስትቀበል ፊቷ አስቀምጣ ትጠይቃለች። ፊደል የለየ፣ እስከ ሃያ የቆጠረና ስሙን የጻፈ አንደኛ ክፍል ይገባል። ያልቻለ ከትንንሾቹ ክፍል ይጀምራል። ፕሮፌሰር በዚህ ዓመት የሚገባው ደግሞ ያው የትንንሾቹ ክፍል ነው። እንግዲህ መርፌ ካላለፈች ከታናሽ ወንድሟ ጎን ተቀምጣ እሱ ሲያርማት ዓመቱን ልትገፋ ነው።

«ከሱ ጋ ከምቀመጥ ጫካ ገብቼ ከዝንጀሮ ጋ እኖራለሁ» አለች፤ ቀልድ አልነበረም፤ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«እንግዲያው ደብተርሽን አምጪ» አልኳት።

«ሆዴን አመመኝ» ብላ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ስድስት ሳምንት ሲቀረው ልጄ ለመነችኝ። «አባዬ፣ እኔ ከሥራ ስመለስ እግሬም አእምሮዬም አብጦ ነው የሚገባው። አንተ ቤት ነህ፤ እባክህ ያዝልኝ።»

«ይሄማ ምን አላት! ስንቱን ድንጋይ ራስ የቁልፍ ቀዳዳ ያስተማርኩ ሰውዬ!»

«ልጄን ድንጋይ ራስ እንዳትልብኝ።»

«እሷን መች አልኩ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተረከብኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት በድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነብኝ። ደብተር ገዛሁ፤ ጠፋ። ሁለተኛ ገዛሁ፤ እሱም ጠፋ። «የት አደረግሽው?» ስላት ዐይኗን በጨው አጥባ «ምናልባት ፕሮፌሰር በልቶት ይሆናል» አለችኝ። ብስኩት ቃል ገባሁ፤ ብስኩቱ ተበላ፣ ፊደሉ ቀረ። ተቆጣሁ። እኔ ስቆጣ ግድግዳው ይሰማል ይሉኛል፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የጨርቅ ብጣሽ ስትደረድር ዋለች። አንድ ቀን እርሳሱን በግድ ጣቶቿ መሀል ባስገባው ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ አንተም እንደ ፕሮፌሰር ልትሆንብኝ ነው?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲህ ማስገደዱን ተውኩት።

ነገሩን የለወጠው የፕሮፌሰር ኳስ ነው። በዚያ ቀን ሁለት ኮት ቆርጬ ነበር፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ሱፍ፣ የሁለት ሰው። የአንድ ኮት ቁራጭ ከነገበሩ፣ ከነኪሱ፣ ከነኮሌታው ሃያ ያህል ይሆናል። እንዳይደባለቅ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ በጠመኔ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ ፊደሉ ደንበኛውን፣ ቁጥሩ ቁራጩን ይነግረኛል። ክምሩን ለየብቻ አስቀምጬ ዞር ከማለቴ ኳሷ በበሩ ገብታ ሁለቱንም ክምር ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸው። በነጋታው ጠዋት ደንበኞቹ ሊለኩ ይመጣሉ። እኔ እዬዬ ስል ፕሮፌሰር እግሬ አውጪኝ አለ፤ መርፌ ግን ከጠረጴዛው ሥር ወጣች።

«አባባ አትጩህ። ይሄ ምልክት ያለውን ልስጥህ?» አለችና አንዱን ቁራጭ አነሳች። ጀርባው ላይ «መ» ተጽፎበታል። እኔ ጎንበስ ለማለት ወገቤን ሳሳምን እሷ ሁሉንም «መ» ለቅማ አመጣችልኝ። አንድም አልሳተችም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች፣ በጣቷ የጠመኔውን መስመር እየተከተለች።

«ፊደል ነው» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። «ተዪው» አልኳት፤ «የልብስ ሰፊ ምስጢር ነው። ለልጅ አይነገርም።»

ዐይኗ ፈጠጠ። «ለፕሮፌሰር ነግረኸዋል?»

«ለሱማ ሞቼ እገኛለሁ!»

በቃ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠመኔዋን ከእጇ የሚያስጥላት ጠፋ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን እየጎተተች ትመጣና ከጠረጴዛው ማዶ ትወጣበታለች። እኔ በቦታዬ ሆኜ ጥቁር ብጣሽ ላይ አንድ ምልክት እጽፋለሁ፤ ስሙን በሹክሹክታ እነግራታለሁ፤ እሷም በራሷ ብጣሽ ላይ ትገለብጠዋለች። በቀን ሁለት፣ ሲቀናን ሦስት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቁራጮቹን ከአንድ እስከ ሃያ እየቆጠረች የምትደረድርልኝ እሷ ሆነች። አንድ ቀን ዐሥራ ሦስተኛው ቁራጭ ጎደለ ብላ ቤቱን አመሰችው፤ እውነትም ካውያው ሥር ተገኘ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ለደንበኛ ሁሉ አወራሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሳይቀር ስለ መርፌ ሳይሰማ አይወጣም ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ታዲያ ጠመኔዋን ታስቀምጥና «አባባ ና፣ በኔ በኩል ና» ትለኛለች።

«ብርሃኑ በዚህ በኩል ነው» እላታለሁ። «ባለሙያ ቦታውን አይለቅም።»

ትንሽ ታኮርፋለች፤ ከዚያ ትጽፋለች። ከቆምኩበት ሆኜ ሳየው ጽሑፏ እንከን የለውም፤ ቀጥ ያለ፣ የጠራ። «እጅሽ የኔን እጅ ይመስላል» አልኳት አንድ ቀን፤ በሐሴት ከበርጩማዋ ልትወድቅ ነበር።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ልጄ የዕረፍት ቀኗ ሆነ። ምሳ ከተበላ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መርፌን አጠገቧ አስቀምጣ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻት። እኔ በሩ ላይ እጄን አጣምሬ ቆሜአለሁ፤ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው።

«እስቲ መ ጻፊልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

መርፌ ጻፈች። «በ ጻፊልኝ።» ጻፈች። «ስድስት ቁጥርንስ?» ጻፈች። ልጄ ወረቀቱን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ወደኔ አየች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ያስተማርካት?»

«ምን ሆነ? ፊት ለፊቴ እኮ ነው ስትጽፍ የኖረችው!»

ፕሮፌሰር በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየና ሳቁን ለቀቀው። «ተገልብጧል! ሁሉም ተገልብጧል! ስድስቱ ዘጠኝ ነው!»

ሄጄ አየሁት። እውነትም «በ» የተባለው እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ «ሀ» መስሏል። ሁሉም በጭንቅላቱ ቆሟል። ግራ ገብቶኝ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ዞርኩና ከመርፌ ፊት ለፊት ቆምኩ። ያን ጊዜ ጽሑፉ ሁሉ ቀጥ አለልኝ። ልክ እንደ ወትሮው፤ ያማረ፣ የጠራ። ለካ ይህች ልጅ አራት ሳምንት ያህል ከማዶ ሆና ያየችውን እንዳየችው ነው የጻፈችው። እኔ ደግሞ ከኔ ወገን ቀና ብሎ ስለሚታየኝ ጎበዝ፣ ጎበዝ ስል ከርሜአለሁ። አርባ ዓመት ጨርቅ ያልገለበጥኩ ሰውዬ የልጅ ልጄን ፊደል ከነሙሉ ክምሩ ገልብጬ ቆረጥኩት።

መርፌ እርሳሱን ወረወረች። «ሁለተኛ አልጽፍም!» ብላ ወደ ፊት ክፍል ሮጠች። የጠረጴዛው ሥር ዋጣት።

ልጄ ልትከተላት ስትነሳ ያዝኳት። «ተዪ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ልግባ።»

መግባት ቀላል አይደለም። ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ጭንቅላቴ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። በመጨረሻ ብጣሽ ካርቶኑን ተደግፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊቷን በጉልበቶቿ መሀል ቀብራለች።

«መርፌዬ፣ አንቺ አልተሳሳትሽም። ያየሽውን ነው የጻፍሽው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ወደ ካርቶኑ ጥግ ሸሸት አለች።

«ቦታዬን አልለቅ ብዬ ነው። አየሽ፣ ሽማግሌ እንደ አሮጌ መኪና ነው፤ አንዴ ከቆመ አይነቃነቅም።»

ቀና አለችና በእንባዋ መሀል አየችኝ። «ና ስልህ አልመጣህም» አለች። «ስንት ጊዜ ና አልኩህ።»

አፈርኩ፤ ከእናቷም ከፕሮፌሰርም ፊት ይልቅ እሷ ፊት አፈርኩ። እንደመጣልኝ «ከነገ ጀምሮ በአንቺ በኩል ነኝ» አልኳት።

«ብርሃኑስ?»

«ብርሃኑ ገደል ይግባ!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሊያወጡኝ ልጄ በአንድ እጄ፣ ፕሮፌሰር በሌላው ጎተቱኝ።

በማግሥቱ በርጩማዬን ይዤ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ሰው በራሱ ቤት እንግዳ ይሆናል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ክፍሉ ራሱ ሌላ ሆነብኝ። መስኮቱ በቀኜ ዞረ፣ የገዛ እጄ ጥላ በጽሑፌ ላይ ወደቀ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ፊደሎቹን አንድ በአንድ በእግራቸው አቆምናቸው። ብዙው በሦስት ቀን ተስተካከለ። ስትደክም ወይም ወንድሟ ሲያበሽቃት ግን እጇ ወደ ድሮው ይመለስና ሁሉም ይገለበጣል። ስለዚህ የፈተናው ቀን ጠዋት መንገድ ላይ ከእሷ ይልቅ የምንቀጠቀጠው እኔ ነበርኩ። እናቷ ሥራ ገብታለች፤ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ፣ ይዣት የምሄደውም እኔ።

መምህሯ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። የጃኬቷ ኮሌታ ጠማማ ነበር፤ አፌን በግድ ያዝኩ። «አባት፣ እዚያ ይቀመጡ» ብላ የልጅ ወንበር አሳየችኝ። ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ ታጥፌ ተቀመጥኩ። መርፌ ከሰፊው ጠረጴዛ ማዶ፣ ከመምህሯ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ወይ ጉድ፣ ያው ያ አቀማመጥ!

መምህሯ በራሷ ፊት ባለው ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ጻፈች። ወረቀቱን ወደ ልጅቷ ልታዞር እጇን ስታነሳ መርፌ «መ» አለች።

«ቆይ እንጂ፣ ላዙርልሽ።»

«አያስፈልግም ቲቸር፣ ይጻፉ።»

መምህሯ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ሌላ ጻፈች። «ሰ።» ሌላ። «በ።» ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ። ወረቀቱ አንድም ጊዜ ሳይዞር ሞላ። ቀጥሎ ቁጥር መጣ፤ አራት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት። ከዚያ ስድስትን ጻፈች። መርፌም ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ዘመም አድርጋ ወረቀቱን አየች፣ መምህሯን አየች።

«በእርስዎ በኩል ስድስት ነው» አለች፤ «በኔ በኩል ዘጠኝ።»

መምህሯ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ገና አልተነፈስኩም፤ ስም መጻፍ ይቀር ነበር። ንጹሕ ወረቀት ተሰጣት። መርፌ እርሳሱን ያዘች፣ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ስሟን ከዳር እስከ ዳር ገልብጣ ጻፈችው። «በቃ፣ አለቀልን» አልኩ በሆዴ። ዝንጀሮዎቹ ታዩኝ፣ እሷና ፕሮፌሰር በአንድ ወንበር ታዩኝ። ልነሳ ብል ወንበሩ አብሮኝ ተነሳ።

መምህሯ ጽሑፉን አየች። ወረቀቱን አልነካችውም፤ መንካትም አላስፈለጋት፤ በእሷ በኩል ስሙ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

«ለምን እንዲህ ጻፍሽው?» አለች በለሆሳስ።

«እርስዎ በዚያ በኩል ስለሆኑ ነዋ። እንዲመችዎ ብዬ። ለራሴ ልጻፈው?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ከሥሩ አሁን በራሷ በኩል ቀጥ አድርጋ ደገመችው።

መምህሯ ወደኔ ዞረች። «አባት፣ እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሳስተምር የልጅ ጽሑፍ አንገቴን ሳላጣምም ያነበብኩት ዛሬ ነው። ማን አስተማራት?»

ላወራው የምችለው ብዙ ነበር፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ደንበኛ ላይ ተለማምጄዋለሁ። «ግማሹን እኔ ገልብጬ፣ ግማሹን እሷ አቃንታ» አልኩ ብቻ። መምህሯ አንደኛ ክፍል ብላ ከመዝገቡ ላይ ስትጽፍ መርፌ ከማዶ ሆና አነበበችው፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። ያች የልጅ ወንበር እንዴት እንደቻለችን አላውቅም።

ፕሮፌሰር የቤታችን በር ላይ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ሲጠብቀን ደረስን። «የት ገባች?» አለ።

«አንደኛ ክፍል» አልኩት።

አሰብ አደረገ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። «እኔ ጋ ታዲያ ማን ሊቀመጥ ነው?»

መርፌ ለካ ይህን አስባው አታውቅም። ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጠረጴዛው ሥር አስቀምጥሃለሁ» አለችው። «ግን ካላረምከኝ ነው።» እጁን ይዛ ግዛቷን ልታስጎበኘው ገባች።

በማግሥቱ የተከመረው ሥራ ጠራኝ። ስድስት ሱሪ የሚቆረጥ አለ፤ ጨርቅ ደግሞ ያለ ብርሃን አይቆረጥም። ወደ ድሮ ቦታዬ ተመልሼ፣ መስኮቱን በግራዬ አድርጌ፣ መቀሴን አነሳሁ። ደስ የሚል ጸጥታ ነበር። ከሥር ፕሮፌሰር የጨርቅ ብጣሽ ሲቆጥር ይሰማኛል። መርፌ ከማዶ በርጩማዋ ላይ ወጥታ ጥቁር ብጣሽ ላይ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ጨረሰችና ብጣሹን በእጇ ገፋ አድርጋ ፊቴ አደረሰችው።

በነጭ ጠመኔ የተጻፈ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ ወደኔ የዞረ። «አባባ ና» ይላል።

መቀሱን አስቀመጥኩ፤ ሱሪዎቹን እንደተዘረጉ ትቼ በርጩማዬን ይዤ ወደ እሷ በኩል ዞርኩ።